ከከተማው ዳር ተነስቶ የባሕርይ ተዋናይ ለመሆን

ይህን መመሪያ የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎ፣ ከቡራዩ ወይም ከሰበታ እየተነሱ ለቴአትር ጥናት መሃል ከተማ ድረስ ለሚመላለሱ፣ ነገር ግን «መልክህ ለመሪ ተዋናይነት አይሆንም» ወይም «ቁመትሽ አይመችም» ተብለው አንድ ጊዜ እንኳ ለተመለሱ ወጣቶች ነው። እኔም በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምኖር፣ ላለፉት 16 ዓመታት በመድረክና በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ዘበኛ፣ የዕድር ዳኛ፣ ቤት አከራይ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ የሟች ወንድምና የሙሽራ አጎት እየሆንኩ እንጀራዬን የበላሁ ሰው ስለሆንኩ፣ የምለው ሁሉ ከዚሁ ሥራ የወጣ ነው።

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ሰው የባሕርይ ተዋናይ ይሉታል። መሪ ተዋናዩ ታሪኩን ተሸክሞ ሲሄድ፣ የባሕርይ ተዋናዩ ታሪኩ የሚያልፍበትን ሰፈር በሰው ይሞላዋል። እኛ ዘንድ «ደጋፊ ተዋናይ» ወይም «አጃቢ» የሚለው አጠራር የተለመደ ቢሆንም፣ ሁለቱም ቃላት ሥራውን የሌላ ሰው ጥገኛ ስለሚያስመስሉት አልወዳቸውም። ይህ ሙያ የመሪነት ተራ እስኪደርስ ቆመው የሚጠብቁበት ሰልፍ አይደለም፤ የራሱ ትምህርት፣ የራሱ ማዕረግና የራሱ ዕድሜ ያለው ሥራ ነው፤ እንደዚያ አድርጎ የያዘው ሰውም ሊተዳደርበት ይችላል።

የእንግሊዞቹን መንገድ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም እዚያ በዚህ ሥራ ብቻ ዕድሜያቸውን የጨረሱና ሀገር በስማቸው የሚጠራቸው ብዙ ሰዎች አሉ። አርተር ሎው እ.ኤ.አ. በ1915 በደርቢሸር ግዛት በሄይፊልድ ተወልዶ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የውትድርና አገልግሎት በኋላ በ1945 በማንቸስተር ሪፐርቶሪ ቴአትር ሙያዊ ተዋናይ ሆነ። ሪፐርቶሪ የሚባለው አሠራር አንድ ቋሚ ቡድን በአንድ ቴአትር ቤት ተቀምጦ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ተውኔት የሚያወጣበት ሲሆን፣ ተዋናዮቹ ቀን ቀን የሚቀጥለውን ተውኔት እያጠኑ ማታ ማታ የያዙትን ይጫወቱ ነበር። በዚህ ሳምንት ቄስ የነበረው ሰው በሚቀጥለው ሌባ፣ ከዚያም ሐኪም ይሆናል። ሊዮናርድ ሮሲተር የተባለው ተዋናይ ሊቨርፑል ውስጥ የኢንሹራንስ ኩባንያ ጸሐፊ ሆኖ ከቆየ በኋላ በ27 ዓመቱ ወደዚህ ሥራ ሲገባ፣ በመጀመሪያዎቹ 19 ወራት ብቻ 75 ያህል ሚናዎችን ተጫውቷል። ይህን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት፤ በየሳምንቱ አንድ አዲስ ሰው መሆን ማለት ነው።

ሎው በቴሌቪዥን በሰፊው የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1977 በቢቢሲ በተላለፈ ተከታታይ ኮሜዲ የባንክ ሥራ አስኪያጅና የሰፈር ዘብ ጦር አዛዥ የሆነውን ካፒቴን ሜንዋሪንግን መጫወት ሲጀምር ዕድሜው 52 ነበር። ሊዝ ስሚዝ ደግሞ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ስታሳድግ ኖራ፣ በለንደን የአሻንጉሊት መደብር ተቀጥራ ስትሠራ ሳለ ነው ማይክ ሊ የተባለው አዘጋጅ ለፊልም የጠራት፤ ያን ጊዜ ወደ 50 ዓመቷ እየተጠጋች ነበር። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አያት፣ አክስትና ጎረቤት እየሆነች ሠርታለች። እነዚህን ሰዎች የማነሳው ቸኩሎ ተስፋ ለሚቆርጥ ወጣት ማስረጃ ስለሆኑ ነው፤ በ25 ዓመቱ ያልታየ ሰው አልቆለታል የሚባለው ለመሪ ተዋናይ እንጂ ለባሕርይ ተዋናይ አይደለም።

እኛም ዘንድ መሠረቱ አለ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ የተመረቀው ብሔራዊ ቴአትር በደመወዝ የሚተዳደሩ ተዋናዮችን ይዘው ቆይተዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በወጣትነቱ ለንደን ሄዶ በሮያል ኮርት ቴአትር የመድረክን ሥራ ተምሮ ስለተመለሰ፣ የሁለቱ አገሮች ቴአትር ፈጽሞ የማይተዋወቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ሲያስተምር ቆይቷል፤ መግባት የምትችሉ ግቡ። መግባት የማትችሉ ግን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ።

ሰፈር ውስጥ የራስን ሪፐርቶሪ ማቋቋም

ዳር ሰፈር የምንኖር ሰዎች ትልቁ ችግራችን ርቀት ነው። ስለዚህ በሳምንት አምስት ቀን መሃል ከተማ ከመመላለስ ይልቅ፣ አምስት ወይም ስድስት ሆናችሁ በሰፈራችሁ በየ15 ቀኑ አንድ የ20 ደቂቃ ተውኔት የሚያወጣ ቡድን ብትመሠርቱ ይሻላል። ለመለማመጃ የወረዳችሁን ወጣት ማዕከል በደብዳቤ ጠይቁ፤ ባይሳካ የኮንዶሚኒየም የጋራ መገልገያ ቤት ለቅሶ ወይም ድግስ በሌለበት ቀን ባዶውን ስለሚውል የሕንጻው ኮሚቴ ብዙ ጊዜ ይፈቅዳል። እኛ የጀመርነው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው፤ ወንበሮቹን ከዕድሩ ተውሰን፣ መብራት ሲጠፋ በሞባይል ባትሪ እያበራን። ከእኔ በፊት የነበሩት ደግሞ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ በፀረ ኤድስ ክበብና በሰንበት ትምህርት ቤት ነው የጀመሩት።

ለቡድኑ አንድ ጥብቅ ደንብ አውጡ፤ ማንም ሰው ተመሳሳይ ዓይነት ገጸ ባሕርይ በተከታታይ ሁለት ጊዜ አይጫወት። ቆንጆው ልጅ ሽማግሌ ይሁን፣ ዓይን አፋሯ ልጅ ተቆጪ አክስት ትሁን። ደንቡ መጀመሪያ ላይ ተውኔቱን ያበላሸዋል፤ ይበላሽ። በሦስተኛው ወር ላይ ማን ምን ሲሆን እንደሚያምርበት ራሳችሁ ታያላችሁ፤ ይህ ደግሞ በማንኛውም የኦዲሽን ወረፋ ላይ የማይገኝ እውቀት ነው።

ሰውን ማየት

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጉዳይ የሙያው ልብ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

እኛ ግቢ ሌሊት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት አሉ። አምሽቶ የገባ ሰው በሩን ሲመታ ወዲያው አይነሱም። መጀመሪያ ከጎናቸው ያለውን ዱላ ይዳስሳሉ፤ አያነሱትም፣ መኖሩን ብቻ ያረጋግጣሉ። ቀጥሎ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ያስተካክላሉ። ከዚያ በጋቢው ጫፍ የቋጠሩትን ቁልፍ፣ ጣታቸው በብርድ ስለሚደነዝዝ፣ በጥርሳቸው ይፈቱታል። «ማነው?» የሚሉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል በትክክል ለማየት ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል፤ ትርጉሙን ለመረዳት ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጊዜ። ጥያቄው የሚመጣው ቁልፉ ከተፈታ በኋላ ከሆነ፣ እኒህ ሰው ማንነቱን ሳይጠይቁ በፊት ሊከፍቱ ወስነዋል ማለት ነው፤ ውጭ የቆመው ሰው ብርድ እየመታው መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው።

በኋላ በአንድ ተውኔት ዘበኛ ሆኜ ስጫወት፣ ጽሑፉ ላይ «ዘበኛው በሩን ይከፍታል» ከሚል አንድ መስመር በቀር የተሰጠኝ ነገር አልነበረም። ቋጠሮውን በጥርሴ ስፈታ ግን የአዳራሹ ጉርምርምታ ቆመ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ አዘጋጁ በሩ በየምዕራፉ እንዲንኳኳ አደረገ።

ስለዚህ ደብተር ያዙ። የሰውን መልክና ልብስ መጻፍ ብዙም አይጠቅምም፤ ሁሉም ያየዋል። የሚጠቅመው ሰውየው ከመናገሩ በፊት የሚያደርገውን፣ እጁን ሥራ ሲፈታ የት እንደሚያሳርፈው፣ ገንዘብ ሲቀበል ቆጥሮ ይሁን ሳይቆጥር እንደሚከተው፣ ከባለሥልጣን ጋር ሲነጋገርና ከልጅ ጋር ሲነጋገር ድምፁ የት ላይ እንደሚለወጥ መጻፍ ነው። የታክሲ ረዳት ሂሳብ ሲሰበስብ መልስ የሌለውን ተሳፋሪ በምን ዓይን እንደሚያይ፣ ደላላው ቤት ሲያሳይ መጀመሪያ የትኛውን ክፍል እንደሚከፍትና የትኛውን እንደሚያልፍ፣ እናቶች ለቅሶ ቤት ሲገቡ ነጠላቸውን ደጃፍ ላይ እንዴት እንደሚያዘቀዝቁ፣ ይህ ሁሉ ከኮዬ ፈጬ እስከ ቃሊቲ ባለው መንገድ ላይ በነጻ ይገኛል። ሰውን ግን ሳታስፈቅዱ በስልክ አትቅረጹ። ነውር ከመሆኑም ሌላ፣ ስልኩ ካየላችሁ ዓይናችሁ ማየት ያቆማል።

ዴቪድ ሱሼ የተባለው እንግሊዛዊ ተዋናይ ኤርኩል ፑዋሮ የተባለውን ቤልጂጋዊ መርማሪ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2013 በ70 ክፍሎች ሲጫወት፣ ከመነሻው የደራሲዋን የአጋታ ክሪስቲን መጻሕፍት እያነበበ የሰውየውን ባሕርይ በዝርዝር መዝግቦ 93 ነጥቦች ላይ አድርሶታል፤ በቡናውና በሻዩ ውስጥ ስንት ስኳር እንደሚጨምር ሳይቀር ጽፎታል። አረማመዱን ለማግኘትም ሳንቲም በመቀመጫው መካከል አጣብቆ ሳይጥል መራመድን ተለማመደ፤ አጭርና ፈጣኑ እርምጃ የተገኘው ከዚያ ነው። ለአንድ ሚና 93 ነጥብ ይቅርና 20 ነጥብ የጻፈ ተዋናይ በእኛ ጥናት ቤቶች ውስጥ ብርቅ ነው። በ20 ጀምሩ።

እዚህ ላይ አንድ ከልቤ የምለው ነገር አለ። ዳር ሰፈር አማርኛን በኦሮምኛ፣ በጉራጊኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ለዛ የሚናገሩ ጎረቤቶች አሉን፤ ከገጠር በቅርቡ የመጡ፣ መሬታቸው ላይ ከተማው የደረሰባቸው ገበሬዎችም አሉ። አነጋገራቸውን አጣሞ ሰው ማሳቅ በጣም ቀላል ነው፤ ጭብጨባውም ወዲያው ይመጣል። አታድርጉት። ሰውየው እርሱን የምትጫወቱበት አዳራሽ ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል ብላችሁ አስቡና፣ ሲወጣ እጃችሁን ይዞ «አውቀኸኛል» ሊላችሁ የሚችል ከሆነ ብቻ ተጫወቱት። ለዛውን መያዝ ካስፈለገ መጀመሪያ ቋንቋውን ጥቂት ተማሩ፤ የትኛው ድምፅ ለምን እንደሚለወጥ የሚገባችሁ ያን ጊዜ ነው።

ድምፅና ጽሑፍ

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በራዲዮ ሲተርክ፣ አንድ ሰው ብቻውን ጌታውንም ገበሬውንም ባልቴቷንም መሆን እንደሚችል ለሀገር አሳይቷል። ያን ትረካ ፈልጋችሁ አድምጡ፤ ስታደምጡም ድምፁን ለመምሰል ሳይሆን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲሻገር ምን ያህል ትንፋሽ እንደሚወስድ ለመቁጠር ይሁን።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ለተዋናይ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። «ጌታው አሉ» የሚለው ባለሁለት ቃል ንግግር ጠብቆ ሲነበብ ሰውየው ቤት ውስጥ ናቸው ማለት ሲሆን፣ ላልቶ ሲነበብ አንድ ነገር ተናገሩ ማለት ነው። «ገና» ላልቶ ጊዜው አልደረሰም፣ ጠብቆ የልደት በዓል ነው። ስለዚህ ጽሑፈ ተውኔቱ እንደተሰጣችሁ በእርሳስ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርጉ። ይህን ሳያደርጉ አምሽተው ያጠኑትን ቃል ጠዋት በሌላ ትርጉም ሲናገሩ የሰማኋቸው ጥቂት አይደሉም።

ንግግራችሁ ሦስት መስመር ቢሆንም ሙሉውን ተውኔት አንብቡ። ቀጥላችሁ የምትጫወቱት ሰው ወደ መድረክ ከመግባቱ በፊት ያለውን ግማሽ ሰዓት ጻፉ፤ ከየት መጣ፣ ምን ሲሠራ ተጠራ፣ እጁ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ። «እመቤቴ፣ ሰው መጥቷል» የምትል ሠራተኛ ከሊጥ ቡኮ ተነስታ ከመጣች እጇን የምታስቀምጥበት ቦታ አይቸግራትም። በመጨረሻም ንግግራችሁን ብቻ ሳይሆን ከእናንተ በፊት የሚናገረውን ሰው ቃል አጥኑ፤ መሪ ተዋናዩ መሃል ላይ ቢጠፋበት ወደ መስመሩ የምትመልሱት እናንተ ናችሁ፤ ያን አንድ ጊዜ ያደረጋችሁለት ሰው ደግሞ አይረሳችሁም።

ካሜራ ፊት

የመድረክ ሰው ወደ ቀረጻ ሲሄድ ድምፁን መቀነስ እንዳለበት ሁሉም ስለሚነግራችሁ አልፈዋለሁ። ብዙ ሰው የማይነግራችሁ ነገር እጅን ማስታወስ ነው። አንድ ትዕይንት ከተለያየ አቅጣጫ አራትና አምስት ጊዜ ይቀረጻል፤ በመጀመሪያው ላይ ሲኒውን በቀኝ እጅ ይዛችሁ «እህ» ስትሉ ካስቀመጣችሁት፣ በአምስተኛውም በቀኝ እጅ፣ በ«እህ» ላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ ሲቀናበር አይገጥምም። እኔ ይህን የተማርኩት ሰው አስቸግሬ ነው። በአንድ የግለሰብ ቤት የቡና ትዕይንት ስንቀርጽ ሲኒውን በየጊዜው በሌላ እጅ እየያዝኩ ስጫወት፣ አራተኛው ላይ ሲታይ ምንም አልገጠመም። ፀሐይ ስለጠለቀች አሥራ አንድ ሰው በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ እጄ፣ ዕቃውና ቃሉ የት ላይ እንደተገናኙ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ።

ሥራ ማግኘት፣ ክፍያና ርቀት

እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ ስፖትላይት የተባለ የተዋናዮች ፎቶ መዝገብ አለ፤ አዘጋጆች ሰው ሲፈልጉ ቀድሞ መጽሐፉን ይገልጡ ነበር፣ ዛሬ በኢንተርኔት ይፈልጉበታል። ከ1930 ጀምሮ ደግሞ ኤክዊቲ የተባለው የተዋናዮች ማኅበር ስለ ክፍያና ስለ ሥራ ሰዓት ስለሚደራደርላቸው፣ ትንሽ ሚና ያለው ሰው ብቻውን አይቆምም። እኛ ዘንድ ሥራው በአብዛኛው በመተዋወቅ ስለሚሄድ፣ የራሳችሁን ትንሽ ስፖትላይት ራሳችሁ አዘጋጁ። አራት ፎቶዎች ይበቃሉ፤ አንዱ ምንም ሳትሆኑ፣ ሌሎቹ ከደብተራችሁ በወጡ ሦስት የተለያዩ ሰዎች፣ ለምሳሌ በጋቢ፣ በሱፍና በቱታ። ፊታችሁ በግልጽ ይታይ፤ በስልክ ማሳመሪያ የለሰለሰ ፊት ለመሪ ተዋናይ ቢጠቅም እንኳ ለእናንተ ጉዳት ነው፤ አዘጋጁ የሚፈልገው የግንባራችሁን መሸብሸብ ነው። ከፎቶው ጋር በቴሌግራም የሚላክ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አያይዙ።

ክፍያን በተመለከተ አጭርና ግልጽ ምክር አለኝ፤ ያለ ጽሑፍ አትሥሩ። በአንድ ወቅት በቃል ብቻ ተስማምቼ ዘጠኝ ቀን ከቀረጽኩ በኋላ፣ ክፍሎቹ ሲተላለፉ እያየሁ ገንዘቤን ሳላገኝ ቀርቻለሁ፤ የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። አንድ ገጽ ይበቃል። የቀረጻው ቀን ብዛት፣ የክፍያው መጠን፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ቀረጻው ሲራዘም የሚጨመረው፣ እንዲሁም ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ ወደ ቤት የሚያደርስ መኪና ማን እንደሚያቀርብ ይጻፍበት። የመጨረሻው ነጥብ ለዳር ሰፈር ሰው የደመወዝ ያህል ነው። ታክሲ ሲጠፋ ሚኒባስ ለብቻ ኮንትራት ይዞ መሄድ የዕለቱን ገቢ ይበላል፤ ሴት ተዋናዮች ደግሞ በጨለማ ከዋናው መንገድ እስከ ሕንጻቸው የሚሄዱት መንገድ ለማንም ሊተው አይገባም። ሌላ ሥራም ይኑራችሁ፤ ሮሲተርም ኢንሹራንስ ቤት ነበር፣ ሊዝ ስሚዝም አሻንጉሊት መደብር። ሱቅ፣ ልብስ ስፌት፣ የፈረቃ ሥራ፣ ሰዓቱ የሚለዋወጥ ማንኛውም ሥራ ይሆናል።

አንድ ሚና ሲጣበቅባችሁ

ዘበኛው ከተወደደልኝ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ዘበኛ እንድሆን ተጠራሁ። ሁለቱን ተቀብዬ ሦስቱን መለስኩ፤ ስመልስ ግን በባዶው አልመለስኩም፤ «ዘበኛውን ለሌላ ስጡትና አከራዩን ፈትኑኝ» እያልኩ ነበር፤ አንዱ አዘጋጅ ፈተነኝ። ሱሼ 25 ዓመት ያህል በአንድ ገጸ ባሕርይ ሲታወቅ፣ በየመሃሉ ወደ ቴአትር መድረክ እየተመለሰ ፈጽሞ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። ቴሌቪዥን ያጣበቀባችሁን መልክ መድረክ ስለሚያላቅቀው፣ ክፍያው ቢያንስም በዓመት አንድ ተውኔት አትተዉ።

ዕድሜያችሁ ሲገፋ ደግሞ ሥራው ይሰፋል። በተለይ የሽማግሌና የባልቴት ሚና በወጣት ፊት ላይ ዱቄት ነስንሶ የሚሠራባቸው ድራማዎች ብዙ ስለሆኑ፣ በእውነት ያረጀና ቃሉን የማይስት ተዋናይ ይፈለጋል። ሎው እስከ ዕለተ ሞቱ መድረክ ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በበርሚንግሃም ሲጫወትበት በነበረው ቴአትር ቤት የልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ ነው የወደቀው።

በመጨረሻ ስለ ሻንጣው ልጻፍ። የሚደወልላችሁ ብዙ ጊዜ ማታ ነው፤ ሌላ ሰው ቀርቶ ወይም ታሞ፣ «ነገ ጠዋት መድረስ ትችላለህ?» ይባላል። አልባሳት ክፍሉ ለመሪዎቹ እንጂ ለእናንተ ልክ አያስብም። ስለዚህ አንድ ሻንጣ ዘወትር ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ የለበሰው ሰው ትከሻ ቅርጽ የቀረበት አሮጌ ካፖርት፣ ጋቢ፣ ጥቁር ነጠላ፣ ባርኔጣ፣ መስታወቱ የወጣ መነጽር፣ ከዘራ፣ ተረከዙ የተበላ ጫማ፣ መርፌና ክር፣ ደብተሩም። ካፖርቱን ከሰልባጅ ስትገዙ ኪሱን አትስፉት፤ የተቀደደ ኪስ እጅን ወዴት እንደሚወስድ በልምምድ ታዩታላችሁ። ቀረጻው ጠዋት 2 ሰዓት መሃል ከተማ ከሆነ ከኮዬ ፈጬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መውጣት ይበቃል፤ ዝናብ ከጣለ ግን የታክሲው ሰልፍ ስለሚረዝም ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ውጡ፤ ሻንጣውንም ጭናችሁ ላይ እንጂ ጣሪያ ላይ አታስጭኑት።